ማንም ሳይነካኝ

መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ በላቸው፤ ናይሮቢ

የአባቴ አምላክ እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ የጎማ ሱቅዎንም ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ሰሓንና ድስት የምትሸጥበት መደብ ላይ አዲስ ሸራ አስዘርግታለች፤ የድሮው ደንበኛና ዕቃ ሳይለይ ያፈስ ነበር። «ለበላቸው ሰላም በይልኝ፤ አረጀ ወይስ አሁንም ይቆጣል ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላለች። የጠየቀችው እሷ ናት፤ እኔ የለሁበትም።

አራቱ ኳሶች በሰላም ገብተዋል። ያመጣልን ሰው ፍተሻ ላይ «ኳሱን ምን ጨፍልቆት ነው?» ተብሎ፣ ሲፈጠርም እንዲህ ነው ብሎ ለማስረዳት መከራውን አይቷል። ቡድናችን እስካሁን የሚለማመደው በአንድ የተለጠፈ ኳስ ነበር። አሰልጣኛችን ኣረፋይነ አዲሶቹን ሲያይ አንዷን ብብቱ ሥር ወትፎ ሜዳውን ዞረ፤ ከዚያ ለክለቡ ቦርድ ወስዶ አሳየ። አሁን በክለቡ ቢሮ ግድግዳ ላይ ስምዎ «የበላይ ደጋፊ» ተብሎ ተጽፏል። እንዳይኮሩ።

ራግቢ እዚያ አገር በየቴሌቪዥኑ እያለ እርስዎ ቻናል ሲቀይሩ እንደኖሩ አውቃለሁ። የእኛው ሰባት ለሰባት ነው። ሜዳው የትልቁ ጨዋታ ሜዳ ነው፤ ተጫዋቹ ግን በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ ሩጫ ነው፣ መታጠፍ ነው፣ እንደገና ሩጫ ነው። ኳስ የያዘችውን ልጅ ይዞ መጣል ይፈቀዳል። እማዬ ይህን ያወቀች ዕለት አኩርፋኝ ራት ለብቻዋ በላች። የምንለማመደው ሓድነት ክፍለ ከተማ ጫፍ ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ሣር የሚባል የለም፣ ጠጠሩን ራሳችን እንለቅማለን።

ከልጆቹ ውስጥ ቤቷ አማርኛ የሚነገርባት እኔ ብቻ ነኝ። ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቴ ከደብረ ብርሃን ለመንገድ ሥራ መጥቶ እዚሁ ሲቀር የተወለድኩት እዚሁ ነው። ሮሃ የምትባል ልጅ አለች፤ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ረጅም፣ ስትይዝ የምታስለቅስ። ከእሷ ያመለጠ ከማንም ያመልጣል ይባላል። እኔ ሁለቴ አምልጫታለሁ፤ ሦስተኛውን እየፈለግሁ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ታኬታ። በሸራ ጫማ ስታጠፍ እየተንሸራተትኩ አስቸግሮኛል። እግሬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

አክባሪዎ ልጅዎ
ሥርጉት


ናይሮቢ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት

በመጀመሪያ ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመው ጌታ አንቺንና እናትሽን ዓለምእሸትን በያላችሁበት ያቁማችሁ። እኔና ቤተሰቤ በቸርነቱ አለን። ለእናትሽ፣ አላረጀሁም፣ ቁጣዬም አልቀነሰም በያት።

ይህ ደብዳቤ መጻጻፋችን ደስ ይለኛል። ያኔ በጦርነቱ ስልኩ ተቆርጦ በሰው በሰው ስንላላክ የጀመርነው ነው፤ ስልኩ ሲመለስ ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነበር። በስልክ ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። በወረቀት ግን ሰው መዋሸት ይደክመዋል።

ታኬታውን ልኬያለሁ። የሱቁን ባለቤት «ርካሹን እንዳታሳየኝ» ብዬው የመጨረሻውን አወረደልኝ። ጥርሱ ረጅም ነው፣ ከብረት ነው። እዚህ ዝናቡ ስለማያባራ ሜዳው ጭቃ ነውና ይህን ያደረገ ሰው መሬት ነክሶ ይይዛል እንጂ አይንሸራተትም ብሎ ምሎልኛል። አንቺም እንዳትንሸራተቺብኝ።

አሁን ደግሞ እንደ አባት ልናገር። ያቺ ሮሃ ያልሻት ልጅ አልጣመችኝም። ስትይዝ የምታስለቅስ ማለት ምንድን ነው? በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ብቻሽን መሆንሽን አትርሺ። አባትሽ የአጎቴ ልጅ ቢሆንም በአንድ ቤት ነው ያደግነው፤ እሱ ባይኖር እኔ አለሁ። ያ ሁሉ ነገር ባለፈበት ከተማ ምን ትሠሪያለሽ እያልኩ ስንት ጊዜ ጻፍኩልሽ? እዚህ ክፍል አለ፣ ሥራም አለ። መልስ ስትሰጪ ይህኛውን አንቀጽ እንደ ሁልጊዜው ዘለሽ እንዳታልፊው።

አጎትሽ
በላቸው


መቐለ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ በላቸው

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ለእኔ ያሰቡትን ደግ ለራስዎ ያድርግልዎ። ታኬታው ልክክ ብሎኛል። ይህን ግን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው የቸኮልኩት፤ ተጎድቻለሁ። ቀኝ ጉልበቴ ነው።

እርስ በርሳችን ተከፍለን እየተጫወትን ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ሊያልቅ ሲል ኳሱን ይዤ በጥግ በኩል ወጣሁ። ከፊቴ ሮሃ ብቻ ነበረች። ወደ ውጭ የምሮጥ አስመስዬ፣ ቀኝ እግሬን ተክዬ ወደ ውስጥ ልታጠፍ ስል እግሬ እዚያው ቀረ። ሰውነቴ ዞረ፣ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ገባ፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮሃም ሰምታዋለች፤ ገና ወደ እኔ እየመጣች ነበር። ማንም ሳይነካኝ ነው የወደቅሁት። ኳሱን እንኳ አልለቀቅኩም።

ሐኪሙ እንዳለው ጉልበት ውስጥ ተሻግረው የሚያልፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ለዚህ ሥራ ወረፋው ረጅም ነው፣ መቼ እንደሚደርሰኝም የሚነግረኝ የለም። እስከዚያ የጭኔን ጡንቻ እንዳጠነክር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ልኮኛል።

ጎረቤት ሁሉ ዓይን ነው ብሏል። እማዬም ጸበል ወስዳኝ ከራሴ እስከ እግሬ አስጠመቀችኝ፤ ጉልበቴን ግን ፋሻው እንዳይረጥብ ብላ ቀድማ በፌስታል ጠቅልላው ነበር። እያመመኝ ሳቅሁ። ቄሱም ሳቁ።

እዚህ ያጣሁት ጎንና ጎኑ ብረት ያለው የጉልበት ማሰሪያ ነው። ከተገኘ ይላኩልኝ። ካልተገኘም አይጨነቁ።

ልጅዎ ሥርጉት


ናይሮቢ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት

የተሰበረን የሚጠግን አምላክ ምሕረቱን ይላክልሽ። ማሰሪያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል። እንደ እኔ ልብ ቢሆን ራሴ ይዤው በመጣሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ቃል ነው። ማንም ሳይነካኝ ትያለሽ። ማን ነካሽ ብዬ ጠይቄሻለሁ? ሰው ያልተጠየቀውን የሚክደው ሲፈራ ነው። ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ከፊቴ ሮሃ ብቻ ነበረች ብለሻል። ይኸው ራስሽ ጻፍሽው።

ዝም ብዬም አልቀረሁ፤ እናትሽ ዘንድ ደወልኩ። «ዓለምእሸት፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጅቷን ሰው ነክቷታል?» አልኳት። «አዎ፣ ነክተዋታል» አለችኝ። «ማን?» ስላት «ስም መጥራት ጥሩ አይደለም» ብላ አለቀሰች። እንግዲህ እናት ከዚህ በላይ ምን ትበል?

እኔ ሠላሳ ዓመት ጎማ ስሸጥ ኖሬአለሁ። ሳይነካው የፈነዳ ጎማ አላየሁም፤ ፈልገሽ ስታገኚው ወይ ምስማር አለው ወይ ጠርሙስ። ጉልበትም ዝም ብሎ አይበጠስም። ልጄ፣ አትፍሪ። ማን እንደሆነች በእጅሽ ጻፊልኝ። የቀረውን ለእኔ ተዪው።

አጎትሽ በላቸው


መቐለ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ በላቸው

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስለ ማሰሪያው አመሰግናለሁ፤ እየረዳኝ ነው። አሁን ግን እንዳልቆጣዎት ቀስ ብዬ ልጻፍ።

እማዬ «ነክተዋታል» ያለችው ዓይን ማለቷ ነው። ስም የማትጠራው ቡዳ ስሙ ሲጠራ ይብሳል ብላ ነው። እርስዎ ያ ነገር በጠፋበት አገር ስለኖሩ ረሱት መሰለኝ። የጠረጠረችው ደግሞ ሮሃን አይደለም፤ ከመደቧ ፊት ለፊት ፕላስቲክ የምትሸጠውን ሴትዮ ነው። እሷን ከሆነ ከመጀመሪያውም አትወዳትም።

«ማንም ሳይነካኝ» ያልኩት ፈርቼ አይደለም። ሐኪሙም፣ ባለሙያዋም፣ ኣረፋይነም በመጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ስለሆነ ነው፤ «ሰው ነክቶሽ ነው ወይስ ሳይነካሽ?» በዚህ ጨዋታ ተጋጭቶ የሚጎዳ አለ፤ እንደ እኔ ሲታጠፍ፣ ሲዘል ወይም ድንገት ሲቆም ብቻውን የሚበጠስም ብዙ ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል አለችኝ ባለሙያዋ። ድካም አለ፤ እግር ሲዝል ጭን ጉልበትን ቀጥ አድርጎ መያዝ ያቅተዋል። ደረቅ መሬት አለ። የታኬታ ጥርስ መሬቱን ነክሶ አልለቅም ሲል ሰውነት ዞሮ እግር ይቀራል። ይኸው ነው። ጠላት የለበትም።

ጎማውንም ቢሆን እርስዎ ያውቁታል። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና በጠራራ ፀሐይ በአስፋልት ሲሄድ ጎማው ምስማር ይፈልጋል እንዴ? ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነበሩ፤ ስለ ሞምባሳ መንገድ ሲጽፉልኝ።

በእጅሽ ጻፊልኝ ብለዋል። ጽፌያለሁ። ማንም አልነካኝም።

ሥርጉት


ናይሮቢ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሥርጉት

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ይመስገን። መልስሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። ከመድረሱ በፊት እንደ ደጋፊነቴ ለክለባችሁ ቦርድ ጽፌ ነበር። ሮሃ የተባለችው ተጫዋች በዘሯ ምክንያት በልጃችን ላይ ሆን ብላ ጉዳት እንዳደረሰች፣ ይህ ካልተጣራ ድጋፌን እንደማቆም፣ ለበላይም እንደማመለክት አስታውቄያለሁ። ሊቀ መንበራቸው እንደሚያጣሩ በአክብሮት መልሰውልኛል።

አንቺ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሐኪም ሲናገር ሰው ያምናል፤ እኔ ግን ሐኪም የሚለውን ሳይሆን አንቺ የማትይውን ነው የማነበው። እዚያ ተቀምጠሽ ሌላ ነገር መጻፍ አትችዪም። ይገባኛል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። እዚህ ጥሩ ሆስፒታል አለ፤ ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። ትመጫለሽ፣ ትታከሚያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። መቐለ መመለስ የለም። ከመነሣትሽ በፊት ግን ለቦርዱ እውነቱን ተናግረሽ ፈርሚ፤ በሌላ ልጅ ላይ እንዳትደግመው። ትኬቱ የእኔ ነው።

አጎትሽ በላቸው


መቐለ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በላቸው

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ዛሬ ከዚህ የረዘመ ምርቃት አልመጣልኝም።

ቦርዱ ጠራን። እኔ በክራንች፣ ሮሃ ከጎኔ። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የእርስዎ ስም አለ። ደብዳቤዎ በአማርኛ ተነበበ፣ ከዚያ በትግርኛ ተተረጎመ። «በዘሯ ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚያነበው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሮሃ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ «መን እዩ እዚ ሰብኣይ?» አለችኝ። ይህ ሰውዬ ማነው ማለቷ ነው። አጎቴ ነው አልኳት። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሊቀ መንበሩ «ሮሃ ነክታሻለች?» ብለው ጠየቁኝ። «ነካ» የሚለው ቃል ሲያቃጥለኝ ስለከረመ «አዎ» አልኩ። ጸሐፊዋ ጻፈች። ሮሃም ደንግጣ አየችኝ። «አዎ፣ ነክታኛለች» አልኩ፤ «ከወደቅሁ በኋላ። እጇን በብብቴ ሥር አስገብታ አንስታ፣ በጀርባዋ አዝላ እስከ ሚኒባሱ ወሰደችኝ፤ ረዳቱ የተጎዳ ሰው አይጫንም ሲላት ሰድባው አስቀመጠችኝ። ከዚያ በፊት ማንም አልነካኝም። ጸሐፊዋ የጻፈችውን ካላስተካከለች ከዚህ አልነሣም።» አስተካከለች። አንብባም አሰማችኝ።

ይህ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን አቤቱታውን ያቀረበው ደጋፊያችን ስለሆነ እሱ ራሱ በጽሑፍ እስኪያነሣው ድረስ ልጅቷ ታግዳ ትቆይ አሉ። ተጎዳች የተባልኩት እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ የእኔ ቃል ሁለተኛ ሆነ። ምክንያቱን ያውቁታል። ኳስ የሚልከው እርስዎ ነዎት።

ስንወጣ ሮሃን ይቅርታ ጠየቅኋት። «አንቺን ለመጣል ስንት ወር ሞክሬ፣ ሳልነካሽ መቀጣቴ ነው የሚያናድደኝ» አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። አባቷ የት እንደሞተ አውቃለሁ፤ እሷም የእኛ ቤት በዚያ ጊዜ ምን እንዳየ ታውቃለች። ስለዚያ ተነጋግረን አናውቅም። ሜዳ ላይ መያዝና ማምለጥ ብቻ ነበር የምንነጋገረው፤ ለሁለታችንም በቂ ነበር። እርስዎ ከናይሮቢ ሆነው ያንን አመጡና መሐላችን አስቀመጡት።

ማታውኑ ልጆቹ ተሰበሰቡ። ያዘዛቸው የለም። አራቱን ኳሶች አጥበው፣ አድርቀው፣ እርስዎ በላኩበት ካርቶን መልሰው አሸጉ። ኣረፋይነ «ተዉ፣ አንዷን እንኳ» ብሎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በተለጠፈው ኳስ መለማመድ ጀምረዋል። ካርቶኑን ይህንን ደብዳቤ የሚያመጣው ሰው ይሰጥዎታል።

ናይሮቢ አልመጣም። ጉልበቴን እወደዋለሁ፤ መሮጥም እፈልጋለሁ፤ ሌሊት ሌሊት በሕልሜ እሮጣለሁ። ግን በሮሃ ስም ላይ ቆሜ የምታከመው ሕክምና ይቅርብኝ። መቐለም መመለስ የለም አሉኝ፤ እኔ ከየት ወደ የት ነው የምመለሰው? ቤቴ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። ለቦርዱ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ ብለው ይጻፉ። ማሰሪያም፣ ትኬትም፣ ሌላም አልፈልግም።

ሥርጉት


መቐለ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ በላቸው

እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ካርቶኑ እንደደረሰዎት ካመጣው ሰው ሰምቻለሁ። ደብዳቤ ግን አልመጣም፤ ለእኔም ለቦርዱም። እማዬ ስትደውልልዎት ስለ ዝናብ አውርተው ዘጉ አለችኝ።

ሮሃ አሁንም ታግዳለች። በልምምድ ሰዓት መጥታ ከሜዳው ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔም አጠገቧ እቀመጥና አንድ እግሬን እያነሣሁ እያወረድኩ እሠራለሁ። ከሜዳው ውጭ መቀመጥን የሚከለክል ደንብ የለም። ሲመሽ አብረን ወደ ከተማ እንገባለን። የሚያዩን ሰዎች ይጠይቃሉ፤ ለሁሉም አንድ ነገር ነው የምመልሰው።

እርስዎ ዝም ሊሉ ይችላሉ። እኔ ግን በተገኘው ሰው እጅ እየላክሁ እጽፋለሁ።

ሥርጉት


ናይሮቢ
ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት

ለትሑታን ጸጋን የሚሰጥ አምላክ ለእኔም ትንሽ ያካፍለኝ ብዬ ልጀምር፤ ሌላ መግቢያ አላገኘሁም።

ካርቶኑ ሱቄ መግቢያ ላይ ከረመ። ደንበኛው ሁሉ እየተሻገረው ይገባል። ባለቤቴ «ወይ ክፈተው ወይ ጣለው» ስትለኝ ንዴቴ መጣና ለሚፈልግ ልስጠው ብዬ መኪና ላይ ጫንኩት። ከሱቁ ብዙም የማይርቅ ሜዳ አለ፤ ወጣቶች ይህንኑ የእናንተን ጨዋታ ይለማመዱበታል። በአጠገቡ ሳልፍ ብኖርም ገብቼ አላውቅም ነበር።

ካርቶኑን እንደያዝኩ ጠርዙ ላይ ቆሜ አሰልጣኙን እጠብቃለሁ። አንድ ቀጭን ልጅ ኳስ ይዞ ብቻውን ወጣ። ከፊቱ ሰው የለም፣ ከኋላው የሚከተለውም ገና ሩቅ ነው። ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል ወደቀ። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ሽማግሌው ካርቶኑን ጥዬ በአማርኛ «ማን ነካው?» ብዬ ጮህኩ። ዞረው አዩኝ። ማንም አልገባውም። እኔ ግን የጮህኩትን ሰምቼ እዚያው ቀረሁ። ማንም አልነካውም፤ አይቻለሁ።

አሰልጣኙ በኋላ አነጋገረኝ። የአንቺን ነገር ነገርኩት። ድካሙን፣ አቋቋሙን፣ ሁሉንም አንቺ በጻፍሽልኝ ተራ ነገረኝ። ከዚያ መሬቱ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ታኬታዋስ ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቀኝ። እኔ በኩራት፣ ጥርሱ ረጅም፣ ከብረት፣ ከሁሉ ውዱ አልኩት። «በደረቅ መሬት ላይ?» አለና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። እንዲያዝንልኝ አልፈለግሁም።

ቤት ገብቼ የመጋቢት ደብዳቤሽን አወጣሁ። ጥርሱ መሬቱን ነክሶ አልለቅም ሲል ብለሽኛል። የማን ጥርስ እንደሆነ አልጻፍሽም። ያኔም ታውቂ ነበር፤ እኔ በዚያች ልጅ ላይ ስጮህ አንድ ቃል ብትወረውሪ ዝም ባሰኘሽኝ። ልጄ፣ የነካሁሽ እኔ ነኝ።

ለቦርዱ ጽፌያለሁ። አቤቱታዬን ማንሣቴን ብቻ ሳይሆን የጻፍኩት ሐሰት እንደነበርም ገልጫለሁ። ስሜን ከግድግዳው ያውርዱት። ሕክምናው እንዳለ ነው፤ ፊርማም፣ መቅረትም የለበትም። ታክመሽ ተመለሺ። ለዚያች ልጅ ደግሞ ይቅርታዬን አድርሺልኝ።

አጎትሽ በላቸው


መቐለ
ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ በላቸው

የጀመሩትን እንዲጨርሱ አምላክ ብርታት ይስጥዎ። ለዚያ ልጅም ምሕረቱን ይላክለት፤ ስሙን ጠይቀው ይጻፉልኝ።

ደብዳቤዎ ቦርዱ ዘንድ ደርሶ ተነቧል። ሮሃ ተመልሳለች። በተመለሰችበት ቀን የመጀመሪያ ሥራዋ ኣረፋይነን ራሱን ይዛ መጣል ነበር፤ ስላላሰለፋት አይደለም፣ እጇ ስለበላት ነው። ዝናቡ ሜዳውን አለስልሶታልና ሳቀ። አሁን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም እየዘለሉ ጉልበት አጥፎ ማረፍን፣ ቀስ ብሎ መታጠፍን ይሠራሉ። የማሠራው እኔ ነኝ፤ ከባለሙያዋ የተማርኩትን። ጉልበቷ ወደ ውስጥ የገባባትን አልምራትም። ክፉ ሆነሻል ይሉኛል።

አሁን የተናደድኩበትን ልንገርዎ፤ ባልናገር ያመኛል።

ስሙን የማያውቁት ልጅ ሲወድቅ አይተው በአንዴ አመኑ። እኔ በእጄ ጽፌ፣ በአፌ ተናግሬ፣ በቦርድ ፊት ቆሜ አላመኑኝም። ለመሆኑ ያ ልጅ ባይወድቅ ኖሮ ሮሃ እስከ መቼ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር? ዓይንዎ እስኪያይ የእኔ ቃል ስንት ወር ይጠብቅ? ፈርታ ነው ይሉ ነበር። ጋሼ፣ ከዚህ ከተማ ማንንም አልፈራሁም። የፈራሁት የእርስዎን ደብዳቤ ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። አሁን ራስዎን ከሰሱ። አንድ የነካ ሰው ካልተገኘ እንቅልፍ አይወስድዎትም ማለት ነው? ሮሃ ካልሆነች እርስዎ፣ እርስዎ ካልሆኑ ጎረቤት። ታኬታውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ኣረፋይነ ለዚህ መሬት አይሆንም ሲለኝ «ከናይሮቢ ነው የመጣው» ብዬ ክሩን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ሳለ ልውጣ ያላልኩትም እኔ ነኝ፤ ሦስተኛውን ማምለጥ ፈልጌ ነበር። ያኔ የማን ጥርስ እንደሆነ ያልጻፍኩት ለእርስዎ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ እውነት ስላልሆነ ነው። ጅማቴ ተበጠሰ። ሰው ሲሮጥ ይበጠሳል። ማንም አልነካኝም ስል እርስዎንም ጨምሬ ነው።

ሕክምናውን እቀበላለሁ። መሮጥ እፈልጋለሁ አልኩዎት፤ እሱን አልዋሽም። ግን እርስዎ ቅድመ ሁኔታ ሲያስቀምጡ ኖረዋልና አንድ የእኔንም ይስሙ። ለሮሃ ያሉትን ይቅርታ አላደርስልዎትም። ደብዳቤዎ በአራት ሰዎች ፊት ነው የተነበበባት፤ ይቅርታው በእኔ ኪስ ተጣጥፎ አይደርሳትም። መጀመሪያ እርስዎ መቐለ ይመጣሉ። ከእኔ ጋር ሜዳ ይወርዳሉ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት በአፍዎ ይነግሯታል። አማርኛዋ ከእርስዎ ይሻላል፣ አስተርጓሚ አንፈልግም። ከዚያ በኋላ አብረን ናይሮቢ እንሄዳለን፤ ታክሜ እመለሳለሁ። ካልመጡ ወረፋዬን እዚሁ እጠብቃለሁ። እየጠበቅሁ ነው፤ አላለቀስኩም።

እማዬ አልጋውን አንጥፋለች፤ አይመጣም ብዬ ብነግራትም «ይቆጣል እንጂ ይመጣል» ትላለች። የሚመጡበትን ቀን ይጻፉልን። አውሮፕላን ማረፊያ እኔን አይጠብቁኝ፤ በዚያ ሰዓት ልጆቹን አሠራለሁ። የምትቀበልዎት ሮሃ ናት። ራሷ ናት እቀበለዋለሁ ያለችው፤ «ይህን ሰውዬ ልየው» ብላ። ረጅም ናት፣ አያጧትም። ሻንጣዎን ልያዝልዎት ትላለች። ይስጧት።

ልጅዎ
ሥርጉት